የሼህ ሃሩን ማንጎ አገሩ የት ነው?

ማንጎ አገሩ የት ነው ብላችሁ ተጨንቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ተጨንቄበታለሁ። ጭንቀቱ ዛፍ ላይ አስወጥቶኛል፤ ከሰው ፊት አስለቅሶኛል፤ በመጨረሻም የማላውቃትን ሌላ ሴት አድርጎ አሶሳ መልሶኛል። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ስሜ ሰዓዳ ይባላል። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ዐሥር ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቼ፣ መዋቅር ሲቀየር መደቤ ታጥፎ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ የምታወቀው ቅጽ በመሙላት ነው። ባዶ ቅጽ ይዞ የመጣ ሁሉ "ለሰዓዳ ስጣት" ይባላል። ክፍት ቦታ ካየሁ እጄ አያርፍም። የሞላሁት እውነት ይሁን አይሁን ግን ብዙም አይገደኝም ነበር። ውሸታም ሆኜ አይደለም፤ ወረቀት ማለት ለእኔ አለቃን ዝም የሚያሰኝ ነገር ነበር እንጂ ከዚያ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም።

ቤት በዋልኩ በሦስተኛው ወር እቴ ጫልቱ በሬን አንኳኳች። እቴ ጫልቱ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ ከሰፈሩ ቤተሰቦች የተወለደች፣ ድምፅዋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ሳቋ ከድምፅዋ የሚበልጥ ሴት ናት። ዐሥራ ሁለት ሴቶች ያሉበት የማንጎ ማድረቂያ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበረች። በማንጎ ወቅት አሶሳን ያየ ሰው የማንጎውን ብዛት ያውቃል፤ መንገድ ዳር ይበሰብሳል፣ ፍየል እንኳ ጠግቦ ይረግጠዋል። እነሱ ይህን ፍሬ ልጠው፣ ከትፈው፣ በላስቲክ በተሸፈነ የፀሐይ ማድረቂያ አድርቀው ይሸጡ ነበር።

"ሰዓዳኮ" አለችኝ፤ ሰዓዳዬ ማለቷ ነው። "ማድረቁን እኛ እንችላለን። ወረቀቱን አንቺ ቻይልን። ናይሮቢ ገዢ አግኝተናል!"

ወረቀት ማለቷ ይህ ነው። የአፍሪካ አገሮች እርስ በርስ ሲነግዱ አንዳቸው የሌላውን ዕቃ ያለ ቀረጥ ወይም በትንሽ ቀረጥ ለማስገባት ተስማምተዋል። ቅናሹን የሚያገኘው ግን እውነትም በስምምነቱ ውስጥ ካለ አገር የተገኘ ዕቃ ብቻ ነው። ያንን የሚመሰክር ወረቀት አለ፤ የስሪት አገር የምስክር ወረቀት ይሉታል። ገዢያችን ዋንጂሩ ቁርጡን ነግራናለች፤ ምስክር ወረቀቱ ከሌለ ሙሉ ቀረጥ ትከፍላለች፣ ሙሉ ቀረጥ ከከፈለች አያዋጣትም፣ ካላዋጣት ዕቃውን አትወስድም።

ምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ ማንጎውን ያቀረቡልን ሃያ ሦስት ገበሬዎች፣ ፍሬው ከራሳቸው ማሳ የተለቀመ የኢትዮጵያ ምርት መሆኑን በፊርማ ማረጋገጥ ነበረባቸው። እኔ ምኔ ሞኝ! ሃያ ሦስቱንም ቅጽ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞላሁና በገበያ ቀን ቀለም ይዤ ጠበቅኋቸው። ሰዎቹ እየመጡ ጣታቸውን ተጭነው ሄዱ። ምን እንደሚል የጠየቀኝ አልነበረም፤ ከሼህ ሃሩን በቀር።

ሼህ ሃሩን ከመንጌ ወዲያ ያለ መንደር የሚኖሩ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። ከማንጎአችን ሲሶውን ያቀረቡት እሳቸው ነበሩ። በእሳቸው አማርኛ ወንዱም ሴቱም "አንተ" ነው፤ እኛም ለምደነዋል።

"አንብብልኝ" አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና "አስብበታለሁ" ብለው ሄዱ። እኔም ረሳሁት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መቶ ሃያ ካርቶን የደረቀ ማንጎ ታሽጎ ተደርድሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚጭነው መኪና ተይዞ እያለ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ አዲስ አበባ ሆኖ ማመልከቻችንን የሚመረምረው ባለሙያ፣ አቶ ዮናታን ነበር።

"ወይዘሮ ሰዓዳ፣ የገበሬ መግለጫ ሃያ ሁለት ነው የደረሰኝ። ሃያ ሦስተኛው የታለ?"

"አንድ ናት እኮ የጎደለችው፤ እሷን እንኳ እለፉን።"

"አንዷ የሲሶው ባለቤት ናት። ያለሷ አልፈርምም። ነገ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ትድረሰኝ።"

ስልኩን ዘጋሁና ባዶ ቅጽ አወጣሁ። በሼህ ሃሩን ስም ሞላሁት። የቀለሙን ክዳን ከፈትኩ። አውራ ጣቴን አየሁት። አውራ ጣት ከአውራ ጣት በምን ይለያል? እያልኩ ሳለ እቴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ተይው" አለች እየሳቀች። "የአንቺ ጣት የብዕር ክዳን ነው የሚያክለው። የሼሁ ጣት እንደ ዶማ እጀታ ነው፤ ታሳፍሪናለሽ። ተነሺ፣ እንሂድ።"

ሄድን። እስከ መንጌ በሚኒባስ፣ ከመንጌ ወዲያ በሁለት ሞተር ብስክሌት። ዝናቡ ጀምሯል፤ አንዱ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ውጦት አገኘነው። ዳር ላይ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ሳህናቸውን አስቀምጠው፣ ወደ ላይ ወጥተን ድንጋያማውን ቦታ እንድንሻገር አመለከቱን። እቴ ጫልቱ ጫማዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እየዘፈነች ተሻገረች። እኔ ያቀፍኩት ፌስታል ውስጥ ቅጽና ቀለም ነበር፤ እንደ ሕፃን ልጅ ከራሴ በላይ ይዤው ተሻገርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። ሼህ ሃሩን ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ስለ ወረቀት ልናገር አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡብኝ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበ። ሳይበላ ወሬ የለም። በላን።

"ሼህ፣ ያቺ ወረቀት ተፈረመች?" አልኩ እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ።

"አልፈረምኩም።"

"ለምን?"

"ውሸት ነው።"

እቴ ጫልቱ አየችኝ፤ እኔ እሷን አየኋት።

"ወረቀቱ ይሄ ማንጎ የኢትዮጵያ ነው ይላል" አሉ፤ ከጀርባቸው ያለውን ግንድ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። "ይሄን ዛፍ አያቴ ከሮሴሪስ አመጣው። ችግኙን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ አህያ ላይ ጭኖ። ውሃ ሲጠፋ የራሱን ውሃ ለችግኙ ሰጠው። ይሄን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሌላው ዛፍ ሁሉ የዚህ ልጅ ነው። ታዲያ እኔ ከሱዳን የመጣ ዛፍ ኢትዮጵያ ነው ብዬ በጣቴ ልዋሽ?"

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃቱ ያዘኝ፤ ምክንያቱም ሰውዬው እየቀለዱ አይደለም። ባወራ ባወራ አልሰማ አሉኝ። "አንተ ጸሐፊ ነህ፤ ሕግ አይደለህም" አሉኝ። "ሕጉን የሚያውቀውን ሰው ጥራው።"

"ስልኬ እዚህ አይሠራም።"

"እዚያ ላይ ይሠራል" አሉ፣ ወደ ዛፉ ሁለተኛ ቅርንጫፍ እየጠቆሙ።

ዐሥር ዓመት ወንበር ላይ የኖርኩ ሴት ቀሚሴን ሰብስቤ የማንጎ ዛፍ ወጣሁ። እቴ ጫልቱ ከታች እየገፋችኝ ከሳቋ ብዛት ጉልበት አጥታ ሁለቴ ለቀቀችኝ። በመጨረሻ ቅርንጫፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ስልኩ ሁለት መስመር አሳየ፤ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"አቶ ዮናታን፣ አንድ አባት ሊያናግሩዎት ነው። እኔ ዛፍ ላይ ነኝ።"

"ምን ላይ?"

ሼህ ሃሩን ከታች ሆነው ጮኹ። "ያ ኡስታዝ፣ አንተ መምህር! የማንጎ አገር እናቱ ናት ወይስ መሬቱ?"

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። ተቋረጠ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ የአቶ ዮናታን ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። "አባቴ፣ ለፍሬ የምንጠይቀው የበቀለበትንና የተለቀመበትን መሬት ነው። ዘሩ ከጨረቃ ቢመጣ አንጠይቅም።"

"ሕጉ እንደዚህ ይላል?"

"እንደዚህ ይላል። በቆሎውስ ቢሆን ድሮ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደል? ይኸው ዛሬ የኛ ነው።"

ሼሁ ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። "ውረድ" አሉኝ። ወረድኩ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"አንተስ፣ ያ ቢንቲ፣ አገርህ የት ነው?" ያ ቢንቲ ሲሉ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው።

"ወሎ" አልኩ። ሁልጊዜ የምመልሰው እንዲያ ነው። አባቴና እናቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ "አገራችን" ሲባል ወሎ ማለት ነበር።

"አይተኸዋል?"

"አላየሁትም።"

"የት ተወለድክ?"

"እዚሁ፣ አምባ ዐሥራ አራት ሰፈራ።"

"ምን በልተህ አደግክ?"

"ማሽላ። ማንጎ። ባሚያ።"

ሼህ ሃሩን ምርኩዛቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "እንግዲያ አንተ ራስህ የኔ ዛፍ ነህ!"

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳላስበው እንባዬ መጣ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ "አገርሽ የት ነው?" ሲሉኝ የማላውቀውን ቦታ እየጠራሁ ነው የኖርኩት። ይህን መሬት የአንቺ ነው ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ እኔም ለራሴ ብዬው አላውቅም። እቴ ጫልቱ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።

ወረቀቱ ከኪስ ወጣ፤ ቀለሙ ተከፈተ። ሼሁ አውራ ጣታቸውን ነክረው ወደ ወረቀቱ አወረዱ። አንድ ስንዝር ሲቀር ጣታቸው ቆመ።

"የተለቀመበት መሬት ነው ያለው ሰውዬው?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ሌላ ነገር አለ።" ጣታቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ነገሩን። የልጃቸው ባል አልነዚር ሐዋ የምትባል እኅት አለችው። የሐዋ አትክልት ቦታ ከኩርሙክ ወዲያ፣ ሱዳን ውስጥ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ገበያዋ ተዘግቶ ፍሬው ሜዳ ላይ ይረግፍ ነበር። አልነዚር አዘነላትና ዐሥራ ስምንት ሳጥን ማንጎ አምጥቶ ከሼሁ ፍሬ ጋር ለእኛ አስረከበ። "ለዘመድ ተብሎ ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ወረቀትህ ግን ጠየቀኝ።"

ያ ማንጎ ከሦስት ሳምንት በፊት ተልጧል፣ ደርቋል፣ ታሽጓል።

"ዋቀዮ፣ አምላኬ!" አለች እቴ ጫልቱ። ሳቋ ጠፋ። ጎትታ ከዛፉ ወዲያ ወሰደችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሰዓዳኮ፣ የእኛ ሴቶች አንድ ወር ሙሉ እጃቸው በማንጎ ወተት ተልጧል። ይሄ መኪና ካመለጠን ገዢዋም ትሄዳለች። ተከትፎ የደረቀ ማንጎ እኮ ነው፤ ማን ይለየዋል?"

እውነቷን ነው። ማንም አይለየውም። የድሮዋ ሰዓዳ ብትሆን ይህ ንግግር ሳያልቅ አስፈርማ ነበር። እኔ ግን ሰውዬውን አየኋቸው። ቀለም የነካ ጣታቸውን ልብሳቸው እንዳይነካ ወደ ላይ አንሥተው በትዕግሥት ይጠብቁኛል። ለእኝህ ሰው ወረቀት ማለት ቃል ነው። የእኔ ስም ደግሞ ከሃያ ሦስቱም ወረቀት በላይ፣ የማመልከቻው ግርጌ ላይ አለ።

"እቴ ጫልቱ" አልኳት፣ "ማን ይለየዋል አልሽ። አንቺ ትለዪዋለሽ?"

ጫማዋን አየች፤ ሰማዩን አየች። ከዚያ ፊቷ እየፈካ መጣ።

"ቆይ... ከሼሁ ፍሬ ጋር የመጣው ያ ትንንሹ ማንጎ! ክር የበዛበት! ቢላዋው እየተያዘብን የተራገምንበት ቀን! አልደርቅ ብሎ ለብቻው ነው ያሰጣነው። ካርቶኑ ላይ በቀይ ማርከር 'ክር' ብዬ ጽፌበታለሁ!" ጮኸች። "ዘጠኝ ካርቶን ነው!"

የሼሁን አሮጌ ቅጽ ቀደድኩና አዲስ ሞላሁ፤ ከራሳቸው ማሳ የተለቀመውን ብቻ፣ በልክ። ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። "አሁን እውነት ነው" አሉና ያን የዶማ እጀታ የሚያክል ጣት ጫኑት። ግማሹን ገጽ ሸፈነው።

መንጌ አድረን ዓርብ አራት ሰዓት ላይ አሶሳ ገባን። ማኅበርተኞቹ ተሰብስበው ካርቶን ማገላበጥ ተያዙ። "ክር" የተጻፈበት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንት ተገኘ። ዘጠነኛው የለም። መቶ ዐሥራ አንዱን ካርቶን በአራቱም ጎኑ አገላበጥን። የለም። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ሰባት ሆነ። አንዷ "ሁሉንም ከፍተን እንቅመስ" አለች፤ ሌላዋ አለቀሰች። እኔ ደክሞኝ በማኅበሩ ቤት ጥግ ያለችው ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና እግሬን እንደ ወትሮው ማሳረፊያዬ ላይ ሰቀልኩ።

እቴ ጫልቱ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። "ሰዓዳኮ፣ እግርሽን የሰቀልሽው ምን ላይ ነው?"

ጠረጴዛዬ ሥር ሦስት ሳምንት ሙሉ እግሬን ያሳረፍኩበት ካርቶን ጎኑ ላይ በቀይ "ክር" ይላል። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዷ ተደፍታ ስቃ መነሣት አቃታት።

ለዋንጂሩ ደወልኩላት። እንግሊዝኛዬ በጭንቅ የሚራመድ ቢሆንም ሁሉንም ነገርኳት፤ ከጎረቤት አገር የገባ ዘጠኝ ካርቶን እንዳገኘንና እንዳወጣነው፣ ዕቃው እንደሚያንስ። "የቀረውን ራስሽ አይተሻል?" አለችኝ። "በዓይኔ" አልኳት። "እንግዲያው ላኪው።"

የዕቃ ዝርዝሩን አርሜ፣ ማመልከቻውን አርሜ ከሼሁ መግለጫ ጋር ልልክ ስል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ያለው ኮፒ ቤት ፍለጋ በዝናብ ሮጥኩ። ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወረቀቱ ሄደ። ወዲያው አቶ ዮናታን ደወለ።

"ክብደቱ ቀንሷል።"

ምክንያቱን ነገርኩት።

"ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ዛሬ እፈርመዋለሁ" አለ። "ሹፌሩ እዚህ ሲደርስ ይውሰደው። ለዛፉ አባት ሰላምታ አድርሽልኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሲነሣ ዐሥራ ሁለት ሴቶች ከኋላው እየጨፈሩ እስከ አስፋልቱ ሸኙት። ሹፌሩ ሙሽራ የጫነ መስሎት ጡሩምባውን እየነፋ ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ የተቀባዩ አገር ጉምሩክ የላከው ጥያቄ ደረሰን። አንዳንዱን ምስክር ወረቀት እያወጡ እውነተኛነቱን ያጣራሉ፤ ዕጣው ለእኛ ደርሶ ነበር። ማን ለቀመ፣ የት ለቀመ፣ መቼ ደረቀ። እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሦስቱንም ማሳ በእግሬ አዳርሼ፣ የቀሩትን ሃያ ሁለት መግለጫዎች ለየገበሬው አንብቤ አጣርቼ ነበር። ሁሉንም ላክሁ። በሳምንቱ ተቀበሉት። ዋንጂሩ ለቀጣዩ ወቅት እጥፍ አዘዘች።

ዘጠኙ ካርቶን የት ደረሰ እንዳትሉኝ። አውቶቡስ መናኸሪያ ወስደን ለመንገደኛ ሸጥነው፤ ሦስት ቀን አልቆየም፤ ገንዘቡንም ለሐዋ ላክንላት። በኋላ ጦርነቱ ሲብስ ሐዋ ልጆቿን ይዛ ወደ ወንድሟ መጣች። ዛሬ የማኅበራችን ዐሥራ ሦስተኛ ሴት ናት። ክር ያለውን ማንጎ እንደ እሷ የሚከትፍ የለም።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ዛሬም ሥራዬ ቅጽ መሙላት ነው። ከአሶሳና ከባምባሲ ምርታቸውን ወደ ውጭ ለመላክ የሚፈልጉ ማኅበራት ይጠሩኛል። ግን ማሳውን ሳልረግጥ፣ ሰውየውን ሳልጠይቅ ብዕር አላነሣም። በእናንተም እጅ በየቀኑ የሚያልፍ ወረቀት ይኖራል፤ የልጅ፣ የቤት፣ የሥራ። ከመፈረማችሁ በፊት እንደዚያ ሽማግሌ "አንብብልኝ" በሉ። ጊዜ ይወስዳል። ዛፍም ሊያስወጣ ይችላል። እኔ ግን ስሜን ከጻፍኩበት ወረቀት ጋር ተኝቼ ማደር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አገሬን የሚጠይቀኝ ካለም አሁን ሳላመነታ አሶሳ እላለሁ፤ አባቴም ሰምቶ አልተቆጣኝም።

ባለፈው ዋንጂሩ ናይሮቢ ሱቅ ውስጥ የተደረደረውን የማንጎአችንን እሽግ ፎቶ ላከችልኝ። አሳትሜ ለሼህ ሃሩን ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት።

"ምን ይላል?"

"የኢትዮጵያ ምርት ይላል።"

"ኢትዮጵያማ ሰፊ ነው" አሉ። "መንጌ የሚለው የት አለ?"

ለዋንጂሩ ጻፍኩላት፤ ሳቀችና እሺ አለች። ዘንድሮ በታተመው እሽግ ላይ "መንጌ፣ አሶሳ" የሚል አለበት። አዲሱን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ። ሼህ ሃሩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ለሐዋ ሰጧት፣ ተቀብለው ደግመው አዩት።

"ጥሩ ነው፣ ያ ቢንቲ" አሉ። "ፊደሉ ግን አነሰ።"